የእገታው ድራማ ክፍል 6፦ በሩ ክፍት ሆኖ ልጅቷ ለምን አልወጣችም?

የሌሊት ተመልካች፦
ክፍል 6ን ያላያችሁ ከዚህ አትለፉ፤ ታሪኩ ይበላሽባችኋል።

አይቼ ከጨረስኩ ብዙም አልቆየሁም፤ ልቤ ገና አልተረጋጋም። ከሦስቱ አጋቾች አንዱ የሆነው ሾፌሩ ስልክ ተደውሎለት እየተጣደፈ ወጣ፣ የብረት በሩን ሳይቆልፍ ገርበብ አድርጎት ሄደ። ልጅቷ ተነሳች። በባዶ እግሯ እስከ በሩ ሄደች፣ በክፍተቱ ወደ ውጭ አየች፣ ከዚያ ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ሙዚቃ የለ፣ ንግግር የለ። እኔ ደግሞ ወንበሬ ጫፍ ላይ ሆኜ «ውጪ! ውጪ እንጂ!» እያልኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩት አስተያየት ግን አናደደኝ። «ሞኝ ናት»፣ «ወዳዋለች»፣ «ደራሲዎቹ ክፍል ለማራዘም ነው»። እባካችሁ ክፍል 2ን መለስ ብላችሁ እዩት። ትልቁ አጋች ያን ጊዜም በሩን ክፍት ትቶላት ነበር። ሮጣ ስትወጣ ከግድግዳው ጀርባ ቆሞ ጠበቃት። ቀጥሎ የሆነውን ካሜራው አላሳየንም፤ በማግስቱ ክንዷን ማንሳት ሲያቅታት ብቻ ነው ያየነው። ክፍል 4 ላይ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ከትምህርት ቤት የሚወጣበትን ሰዓትና የሚሄድበትን መንገድ አንድ በአንድ ነገራት። ይህን ሁሉ ያሳለፈች ልጅ ክፍት በር ስታይ ምን ታስብ? መጀመሪያ የሚመጣላት ወጥመድ ነው። ወጥመድ ባይሆንስ? እሷ ብታመልጥ የወንድሟን መንገድ ያውቁታል።

እኔ እዚያ ትዕይንት ላይ ፍቅርም ሞኝነትም አላየሁም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስታዳምጥ አስተውላችኋል? የመኪናው ሞተር አልተነሳም። ሰውዬው ከግቢው አልወጣም ማለት ነው።

ክፍል በክፍል፦
ጥሩ አድርገሽ አይተሻል፣ እኔን ግን አላሳመነኝም። ክፍል 5ን ረሳሽው እንዴ? ከምግቧ ላይ ቆርሳ ለሾፌሩ ሰጠችው። ስለ ልጁ ጠየቀችው። ሲያለቅስ እጁን ያዘችው። ይህን ሁሉ ፍርሃት ነው ብዬ ልቀበል አልችልም። ታጋች አጋቹን ሲወድ ስቶክሆልም ሲንድረም የሚሉት ይኼው ነው፤ ደራሲዎቹም ወደዚያ እየወሰዱን ነው። የሞተሩንም ነገር ደጋግሜ ሰማሁት፤ ዝናቡ ስለሚያይል ምንም አይለይም።

ጥላ ሥር፦
@ክፍል በክፍል፣ ስቶክሆልም ካነሳህ እዚያ የሆነውን እንየው፤ ለዚህች ልጅ ጉዳይ በቀጥታ ይጠቅመናል።

ኦገስት 23 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. ያን ኤሪክ ኦልሶን የተባለ፣ ከእስር ቤት በፈቃድ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው፣ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም፣ ኖርማልምስቶርግ አደባባይ ያለ ባንክ ውስጥ መሣሪያ ይዞ ገባ። አራት የባንኩ ሠራተኞች ታገቱ። ነገሩ እስከ 28 ቀን ዘለቀ። ፖሊሶቹ ታጋቾቹ ያሉበትን ካዝና ክፍል ጣሪያ ከላይ መብሳት ጀመሩ። ከታጋቾቹ አንዷ፣ ክሪስቲን ኤንማርክ፣ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለኡሎፍ ፓልመ በስልክ የነገረችው ፖሊስ ጥቃት ከፍቶ እንዳያስጨርሳቸው መፍራቷን ነው። ከአጋቹ ጋር ወጥተው እንዲሄዱ እንዲፈቀድላቸውም ለመነች። ለፖሊስ ያማክር የነበረው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኒልስ ቤዬሮት ይህን ስሜት እንደ ሕመም ቆጠረው፤ ዛሬ በየድራማው የምንሰማው ነገር የተነሳው ከዚያ ነው።

አሁን ራስህን እዚያ ካዝና ውስጥ አስቀምጥ። ከውስጥ መሣሪያ የያዘ ሰው አለ፣ ከውጭም መሣሪያ የያዙ ሰዎች ጣሪያውን እየበሱ ነው። የትኛው ቀድሞ እንደሚገድልህ መገመት አእምሮን የሚያሳጣ ነገር ነው ወይስ አእምሮ በትክክል ሲሠራ? ኤንማርክ ራሷ በኋላ ዘመኗ ያደረገችው ሁሉ በሕይወት ለመትረፍ እንደነበር ደጋግማ ተናግራለች። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሚያወጣው የሕመሞች መመሪያ ውስጥም ይህ ሲንድረም ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ አልተመዘገበም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ከምግቧ ያካፈለችው፣ ስለ ልጁ የጠየቀችው፣ እሷም የሰው ልጅ መሆኗን እንዲያይ ነው። ስሟን የሚያውቅ፣ አብሯት የበላ ሰው በቀላሉ አይገድላትም። ተመልከት፣ ሠርቶላታል፤ ክፍል 6 መጀመሪያ ላይ ሳትጠይቀው ብርድ ልብስ ይዞላት መጣ።

ክፍል በክፍል፦
እሺ፣ ሲንድረሙን እንተወው። እጁን ስትይዘው ግን ማንም አላስገደዳትም። እዚያ ላይ እጸናለሁ።

ታላቅ እህት፦
ልጆች፣ እናንተ ስለ በሩ ስትከራከሩ እኔ ዓይኔ እናትየው ላይ ነው። ስልኩ ሙሉ ቻርጅ ኖሮት እንኳ ከሶኬቱ አትነቅለውም። ሽንት ቤት ስትገባ ይዛው ትገባለች። የልጅቷ ጓደኛ ደውላ «ተገኘች?» ስትላት መስመሩን ያዝሽብኝ ብላ እንደዚያ ስትጮህባት ብዙዎቻችሁ «ጨካኝ» አላችኋት። እኔ አለቀስኩ። ያቺ ልጅም እኮ በቅን ልብ ነው የደወለችው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ሁለቱም ተጎዱ። እንዲህ ያለውን ነገር የጻፈ ሰው እጁ ይባረክ።

አባትየውን ግን በደሉት። ከመጀመሪያው ጀምሮ መጮህና በር መደብደብ ብቻ። አባትም እኮ በዝምታ ይፈራል።

ሌላም ያበሳጨኝ ነገር አለ፤ ክፍል 1 ላይ ተረኛው ፖሊስ «24 ሰዓት ሳይሞላ ማመልከት አይቻልም» ያላቸው። እውነት እንደዚያ ነው?

ሕግ ተማሪ፦
እትዬ፣ ያ አባባል በየድራማው እየተደጋገመ ብዙ ሰው ሕግ መስሎታል። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ የፌዴራል ሕግ ፖሊስ ከ18 ዓመት (ከ2003 ወዲህ ደግሞ ከ21 ዓመት) በታች የሆነ ልጅ መጥፋቱን ለመመዝገብ የጥበቃ ጊዜ እንዳያስቀምጥ ይከለክላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በእገታ ጊዜ ትልቅ ዋጋ ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ናቸው፤ ያየ ሰው ሳይረሳ፣ የካሜራ ምስል ሳይጠፋ፣ መኪናው ሩቅ ሳይደርስ። በዚህ ድራማ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው። ልጅቷ ዕድሜዋ 19 ስለሆነ «ሕፃን አይደለችም» የሚል ማመካኛ በታሪኩ ውስጥ ሊያገኙለት ይችሉ ይሆናል፤ ቤቱ ሆኖ የሚያይ ሰው ግን «መጠበቅ አለብኝ» ብሎ ይማራል። አንድ ቀን ልጁ የጠፋችበት ሰው በዚያ ምክንያት ቢቀመጥስ?

ገመድ አልባ፦
የሥራዬ ጉዳይ ስለሆነ የስልኩን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ክፍል 4 ላይ ቴክኒሻኑ እጁን እያወዛወዘ «ያዙት፣ ያዙት፣ ጥቂት ሴኮንድ ቀረን» ሲል ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። አጋቹ ልክ በመጨረሻዋ ሴኮንድ ዘጋው። ልብ ያንጠለጥላል፣ አልክድም።

ያ ትዕይንት ግን ከድሮው ሜካኒካል የስልክ ማዞሪያ ዘመን የቀረ ነው። ያን ጊዜ ጥሪው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሠራተኞች ከማዞሪያ ወደ ማዞሪያ መስመሩን በእጅ ይከተሉ ስለነበር እውነትም ደዋዩን በወሬ መያዝ ያስፈልግ ነበር። ዲጂታል ማዞሪያ ከመጣ ወዲህ ከየትኛው ቁጥር እንደተደወለ ጥሪው ሲጀመር ይመዘገባል፤ ሞባይል ከሆነም በየትኛው አንቴና በኩል እንዳለፈ ኦፕሬተሩ ያውቃል። ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንቴናው አንድን ክፍል አያሳይም፤ ከከተማ ውጭ ከሆነ ኪሎ ሜትሮችን ሊሸፍን ይችላል። ቁጥሩም በሌላ ሰው ስም የወጣ፣ አንዴ ተደውሎበት የሚጣል ሊሆን ይችላል።

ደራሲዎቹ ይህን ቢያውቁ የበለጠ ልብ የሚሰቅል ነገር ያገኙ ነበር። አስቡት፦ ፖሊሶቹ ልጅቷ ያለችበትን ሰፈር ያውቃሉ፤ በዚያ ክልል ውስጥ ግን ሺህ በር አለ፣ አንዱን ተሳስተው ቢያንኳኩ አጋቾቹ ይሰማሉ።

ብዕረኛ፦
@ገመድ አልባ፣ ይህን ጽፈህ ላክላቸው!

እኔ በበኩሌ ከሁሉም የማስበልጠው ክፍል 3ን ነው። ብዙዎች «ምንም አልተከሰተበትም» ብለው አለፉት። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ድንጋጤንና ልብ ማንጠልጠልን የለየበት የታወቀ ምሳሌ አለ። ከጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብ ሳናውቀው ቢፈነዳ የምንደነግጠው ለሴኮንዶች ነው። ቦምቡ እንዳለና መቼ እንደሚፈነዳ አውቀን፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሰዎች ግን ሳያውቁ ተራ ወሬ ቢያወሩ፣ ያ ወሬ ሁሉ ያስጨንቀናል። ክፍል 3 እንደዚያ ነው የተሠራው። አጋቾቹ ሲም ካርዱን እንደጣሉትና ዛሬ እንደማይደውሉ እኛ እናውቃለን። እናትየው አታውቅም። ስለዚህ ልብስ ስትተኩስ፣ ጎረቤት ሲገባ፣ ባልየው ሲያዛጋ፣ እያንዳንዷ ነገር አንጀት ትበላለች። አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ አንድ መኪና ሳያሳድድ።

ክፍል 6 ላይ ደግሞ ገለበጡት። እሷ ከበሩ ውጭ ያየችውን እኛ አላየንም። ካሜራው ፊቷ ላይ ቀረ። እሷ ታውቃለች፣ እኛ አናውቅም። ተመልካቹ የተናደደውም ለዚህ ይመስለኛል፤ እስከዚያ ድረስ ሁልጊዜ ከሷ የበለጠ እናውቅ ነበር።

የሌሊት ተመልካች፦
ብዕረኛ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ያየችው ነገር አለ ብለህ ታምናለህ ማለት ነው?

ብዕረኛ፦
አዎ። ካልሆነ የበሩን ክፍተት ከሷ በኩል ያሳዩን ነበር።

ሕግ ተማሪ፦
ስለ ማስለቀቂያው ገንዘብ ማንም አለማንሳቱ ገርሞኛል። ክፍል 5 ላይ በአባትና በእናት መካከል የሆነው ክርክር ለእኔ የድራማው ምርጥ ንግግር ነው። እሱ «ከከፈልን ነገ ትንሹን ይወስዱታል» ይላል፣ እሷ «ነገን ነገ እናየዋለን» ትላለች።

ይህ ክርክር በእውነተኛው ዓለምም መልስ አላገኘም። በ1973 ሮም ውስጥ የ16 ዓመቱ ጆን ፖል ጌቲ ሣልሳዊ ሲታገት ቢሊየነሩ አያቱ አልከፍልም ያለው በዚሁ የአባትየው ምክንያት ነው፤ 14 የልጅ ልጆች አሉኝ፣ ለአንዱ ከከፈልኩ ሌሎቹም ይታገታሉ አለ። አጋቾቹ የልጁን ጆሮ ቆርጠው ላኩ። የፖስታ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ስለነበር ያም ዘግይቶ ደረሰ። ከዚያ ተከፈለ፣ ልጁ በዲሴምበር ተለቀቀ። እገታ የበዛባት ጣሊያን በ1991 ሕግ አውጥታ የታጋች ቤተሰብን ንብረት ማገድ ጀመረች፤ ቤተሰብ መክፈል ቢፈልግ እንኳ እንዳይችል። ሕግ ሆኖ ሲነበብ ያሳምናል። ያቺን እናት እያየሁ ግን ልደግፈው አልቻልኩም።

የኖቶቹን ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ሲመዘግቡ ያሳዩንን ደግሞ ወድጄዋለሁ። በ1932 የታዋቂው አሜሪካዊ አብራሪ የቻርልስ ሊንድበርግ ሕፃን ሲታገት 50 ሺህ ዶላር ተከፍሎ የኖቶቹ ቁጥር ተመዝግቦ ነበር። በ1934 አንድ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ የተቀበለው 10 ዶላር ስላጠራጠረው የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ኖቱ ላይ ጻፈ። በእገታው የተፈረደበት ብሩኖ ሃውፕትማን የተያዘው በዚያ ነው። ሕፃኑ ግን ገንዘቡ ከተከፈለ ብዙም ሳይቆይ ሞቶ ተገኝቷል። ቁጥር መመዝገብ አጋቹን ያስይዛል እንጂ ታጋቹን አያድንም፤ ድራማው ይህን አለመደበቁ ክብር ይገባዋል።

የሌሊት ተመልካች፦
ክፍል 7 ወጣ! አጎትየው ነው!! ለአጋቾቹ ስለ ቤተሰቡ ገንዘብ የነገራቸው የአባትየው ታናሽ ወንድም ነው። እናትየውን አቅፎ ሲያጽናናት የነበረው ሰው።

ክፍል በክፍል፦
እኔ ከክፍል 3 ጀምሮ ጠርጥሬዋለሁ። ሁሉም ስልኩን ሲያዩ እሱ ብቻ ሰዓቱን ያይ ነበር። የተደራዳሪዋ ነገር ግን አስጠላኝ። በየጥያቄው «እኔ ልወስን አልችልም፣ አለቆቼን ልጠይቅ» ትላለች። ምን ዓይነት ተደራዳሪ ናት ሥልጣን የሌላት?

ጥላ ሥር፦
ሆን ተብሎ ነው። በ1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ የእስራኤል ስፖርተኞች ታግተው ከተገደሉበት እልቂት በኋላ በ1973 የኒውዮርክ ፖሊስ ውስጥ ሃርቪ ሽሎስበርግና ፍራንክ ቦልዝ የታጋቾች ድርድር ቡድን ሲያቋቁሙ ትልቁ መርሃቸው ጊዜ መግዛት ነበር። የሚደራደረው አይወስንም፣ የሚወስነውም አይደራደርም የሚለው አሠራር ከዚያ ጋር ነው የሚሄደው። ተደራዳሪው «እሺ» ወይም «እምቢ» የማለት ሥልጣን ካለው አጋቹ አሁኑኑ መልስ ይጠይቀዋል። «ልጠይቅ» ሲል ግን ሰዓታት ያገኛል፣ እምቢታውም ከሱ አይመጣም። በዚያ ሰዓት ውስጥ ንዴት ይበርዳል፣ ሰው ይደክማል፣ ይራባል፣ ማውራት ይፈልጋል።

አዛዡ ስልኩን ከእጇ ነጥቆ ሲፎክርበትስ ምን ሆነ? ሰውዬው ዘጋ። እሷ በትዕግሥት ስትገነባው የነበረው ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈረሰ። እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ታላቅ እህት፦
እኔ ደግሞ ተደራዳሪዋ ከዚያ በኋላ ስልኩን መልሳ ይዛ፣ አዛዡን ሳትወቅስ፣ «ልጅቷ ዛሬ በላች?» ብላ ስትጠይቀው ነው ያደነቅኳት። ቁጣዋን ዋጠችው። ልጅቷን ስለምታስቀድም።

የሌሊት ተመልካች፦
ክፍል 8፣ የመጨረሻው። ያላያችሁ አቁሙ።

ነፃ የወጣችበት ትዕይንት አጭር ነው፤ ግማሹ ክፍል ፍርድ ቤት ነው። የሾፌሩ ጠበቃ ተነስቶ የእኛኑ ጥያቄ ጠየቃት፦ በሩ ክፍት ነበር፣ ለምን አልወጣሽም? እሷም «የሲጋራ ሽታ ሸተተኝ» አለች። ከሦስቱ የሚያጨሰው ትልቁ ሰውዬ ብቻ ነው። ከበሩ ጀርባ ቆሞ ነበር። ብዕረኛ፣ አንተ ነህ ያልከው!

ክፍል በክፍል፦
ክፍል 6ን መልሼ አየሁት። በክፍተቱ በኩል ቀጭን ጭስ ያልፋል፤ ዝናብ መስሎኝ ነበር። ቆንጆ አድርገው ቀብረውታል፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ጉዳዩ ተዘጋ።

ጥላ ሥር፦
እኔ ግን ቅር አለኝ፣ ለምን እንደሆነም ልናገር። ሲጋራው ባይኖርስ? በሩ በእውነት ክፍት ቢሆን፣ ውጭም ማንም ባይኖር፣ እሷም በፍርሃት ብቻ ተመልሳ ብትቀመጥ ጥፋተኛ ልትሆን ነው? ድራማው ስድስት ክፍል ሙሉ ፍርሃት ሰውን ያለ ሰንሰለት እንዴት እንደሚያስር አሳየን፣ በመጨረሻ ግን ለጠበቃው ማስረጃ አቀረበለት። ማስረጃ ያላትን ልጅ ማመን ቀላል ነው።

አሜሪካዊቷን ፓትሪሻ ኸርስትን አስቡ። በፌብሩዋሪ 1974 በርክሊ ከሚገኝ መኖሪያዋ ስትወሰድ 19 ዓመቷ ነበር፤ የዚህች ልጅ ዕድሜ። ቁም ሳጥን ውስጥ ዓይኗን ሸፍነው አቆይተዋታል። በኤፕሪል ከአጋቾቿ ጋር መሣሪያ ይዛ ባንክ ስትዘርፍ ካሜራ ቀረጻት። በ1976 ዳኞቹ መገደዷን አልተቀበሉም፤ ተፈረደባት። በ1979 ፕሬዚዳንት ካርተር ቅጣቷን አሳጠረላት፣ በ2001 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሙሉ ምሕረት ሰጣት። ፍርድ ቤት የቀረበላት ጥያቄም «ማምለጥ ስትችይ ለምን አላመለጥሽም» የሚል ነበር። እሷ የምታሳየው የሲጋራ ጭስ አልነበራትም።

ብዕረኛ፦
እንደ ጽሑፍ ሠራተኛ ጭሱን እወደዋለሁ፤ ፍንጩ ከፊታችን ተቀምጦ ሳናየው ማለፋችን ደስ ይላል። ያልከው ግን ከእሱ ይከብዳል። ጠበቃው ሲጠይቃት ዝም ብላ ብታየውና ዳኛዋ ጥያቄውን ብትከለክለው ይሻል ነበር።

ክፍል በክፍል፦
እኔ አልስማማም። ተመልካች መልስ ይገባዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚህ ጥያቄ ስንናወጥ ከርመን በዝምታ ቢዘጉት ተታለልን ባልኩ ነበር። እጁን የያዘችውም እስካሁን አልተመለሰልኝም። ለሾፌሩ ቅጣት ማቅለያ ስትጠይቅ ፊቷን አይታችሁታል?

የሌሊት ተመልካች፦
አይቼዋለሁ። ብርድ ልብስ ስላመጣላት ነው የጠየቀችለት፣ እሷም በቃሏ ተናግራዋለች። ደግ ነገር ያደረገላትን ሰው ደግነቱን መመስከር ማፍቀር አይደለም። እዚያው ላይ እኮ «ይታሰር» ብላለች።

ሕግ ተማሪ፦
በአጎትየው ላይ የሆነው ነገርስ? አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ «ክሱ ተለይቶ ይታያል»። ከወንድሙ ጋር ፊት ለፊት የተገናኙበትን ትዕይንት ሳያሳዩን እንዴት ያልፋሉ? አባትየው በስምንት ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጮህ ሌላ የሚሠራው ነገር የሚያገኘው እዚያ ነበር።

ታላቅ እህት፦
እውነትህን ነው፣ እኔም ያንን ስጠብቅ ነው ያለቀብኝ። ሌላም ልንገራችሁ። ትንሹ ወንድሟ ፍርድ ቤት ውስጥ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ነበር። እህቱ «የወንድሜን መንገድ ያውቁ ነበር» ስትል ሰምቷል። ያ ልጅ ከዚያ በፊት ይህን አያውቅም። እህቱ እዚያ የቆየችው በሱ ምክንያት እንደሆነ የሰማው በማያውቃቸው ሰዎች ፊት ነው፤ ካሜራው ግን ፊቱን ለቅጽበት አሳይቶን አለፈ። ሁለተኛ ምዕራፍ የሚሠሩ ከሆነ ከሱ ይጀምሩልኝ።

የሌሊት ተመልካች፦
እትዬ፣ ልጁን ጨርሶ አላየሁትም ነበር። አሁኑኑ መልሼ አየዋለሁ።